የእጅ ዋጋና እምነት
(በመተማ ዮሐንስ ከተማ ለሞተርና ለባጃጅ አሽከርካሪዎች፣ ለመካኒኮችና ለነዋሪዎች የቀረበ ዲስኩር)



እዚህ መጥቼ እንድናገር ስትጋብዙኝ የሰጣችሁኝ ጥያቄ አጭር ነው፦ «የሚታመን የሞተር ጋራዥ እንዴት ይገኛል?» ይህን ስንጠይቅ አብዛኛውን ጊዜ የምንፈልገው መልስ የሰው ስም ነው። «እገሌ ዘንድ ውሰደው» ተብለን ብንገላገል ደስ ይለናል። እኔ ግን ስም ይዤ አልመጣሁም። ዛሬ ጎበዝ የተባለው መካኒክ ነገ ወደ ጎንደር ሊሻገር ይችላል፤ ሥራ ሲበዛበትም ሞተራችሁን ለለማጅ ልጅ ሊተወው ይችላል። ስለዚህ በስም ፋንታ መመዘኛ ይዤ መጥቻለሁ።

ደጋግሜ የምናገረው አንድ ሐሳብ ነው፤ አሁኑኑ ልንገራችሁ። የሚታመን መካኒክ የሚሠራውን የሚያሳይ መካኒክ ነው። የሚያሳይ መካኒክ እንዲበዛልን ከፈለግን ደግሞ የእጁን ዋጋ መክፈል አለብን። በመጀመሪያ ይህ ቆላ ሞተር ላይ ምን እንደሚያደርግ እናያለን። ቀጥለን ጋራዥ ገብተን ምን እንደምናይ እነግራችኋለሁ። ከዚያ ወደ እጅ ዋጋ እንሄዳለን፤ እሱ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ። በመጨረሻ ስለ ዘይትና መለዋወጫ፣ ክረምቱ ሳይገባም ምን ማድረግ እንደምንችል እንነጋገራለን።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ነጥብ። እዚህ የምንነዳቸው ሞተሮች አብዛኞቹ ከሕንድ የሚመጡት ቦክሰርና ቲቪኤስ ናቸው፤ የቻይናም አሉ። በየጽሕፈት ቤቱ ደጅ ደግሞ የያማሃ ዲቲና ኤጂ ታያላችሁ። እነዚህ በአብዛኛው ኢንጅናቸውን የሚያቀዘቅዘው ነፋስ ነው። በሲሊንደሩ ዙሪያ የተደረደሩት ስስ የብረት ክንፎች ሥራቸው ሙቀቱን ለነፋሱ ማስረከብ ነው። አሁን የመጋቢትንና የሚያዝያን ፀሐይ አስቡት፤ ከ40 ዲግሪ በላይ የሆነ ነፋስ ራሱ የጋለ ነው። በዚያ ላይ ካለፈው ክረምት የተረፈ ዋልካ በክንፎቹ መሀል ደርቆ ከቀረ፣ ኢንጅኑ በሐሩር ጋቢ ተከናንቦ እንደሚሠራ ሰው ይሆናል። ሞተራችሁ ከሰዓት በኋላ ጉልበት እያጣ ጠዋት ደኅና የሚሆን ከሆነ፣ «የፒስቶኑ ፋሻ አልቋል» ከማለታችሁ በፊት ክንፎቹን እዩ።

አቧራው ሁለተኛው ጠላት ነው። ዓይናችን የማያያት የአሸዋ ብናኝ በተቀደደ ፊልትሮ በኩል ከገባች ፒስቶኑንና ሲሊንደሩን እየፋቀች ትበላለች። በሰማያዊ ጭስ የምናውቀው በሽታ ብዙ ጊዜ መነሻው እዚያ ነው፤ ፋሻው ስለተበላ ዘይቱ ወደ ላይ ወጥቶ ከቤንዚኑ ጋር ይነዳል። በአንድ ፊልትሮ ዋጋ መከላከል የምንችለውን ነገር በሙሉ ኢንጅን እድሳት እንከፍላለን።

ሦስተኛው ብዙ ሰው የማያስበው ነው። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ነው፤ መተማ ዮሐንስ ግን 700 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ላይኛው አገር አየሩ ስስ ስለሆነ፣ እዚያ ያለ መካኒክ ካርቡራተሩን ሲያስተካክል ቤንዚኑን ከአየሩ ልክ ጋር አመጣጥኖ ይቀንሰዋል። ያው ሞተር አይከልን አልፎ ቁልቁል ወርዶ እዚህ ሲደርስ አየሩ ይወፍራል፤ ቤንዚኑ ግን ያው የተቀነሰው ነው። ቤንዚን ያነሰው ኢንጅን ይግላል፤ ይህ የቆላ ሙቀት ሲጨመርበት ደግሞ ይጎዳል። ስለዚህ ከጎንደር ወይም ከአዲስ አበባ ሞተር ገዝቶ ያወረደ ሰው መጀመሪያ የሚያስፈልገው ካርቡራተሩን ለዚህ አየር የሚያስተካክልለት እጅ ነው።

አራተኛው ቤንዚኑ ነው። ማደያ ላይ ሲጠፋ ከመንገድ ዳር በሃይላንድ እንገዛለን፤ ሌላ ምርጫ በሌለበት ሰውን አልወቅስም። ግን ጠርሙሱን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጋችሁ ከታች የተለየ ነገር እንዳለ እዩ። ውሃ ከቤንዚን ይከብዳልና ከሥር ይቀመጣል። ላምባ ከተቀላቀለበት ግን በዓይን አይለይም፤ ጭሱና የሞተሩ ድምፅ ነው የሚናገረው።

ይህን ሁሉ የዘረዘርኩት ለምን መሰላችሁ? እነዚህ አራቱ ነገሮች በሙሉ አንድ ቦታ ላይ ምልክት ይተዋሉ፤ ካንዴላው ላይ። ካንዴላው ተፈትቶ ሲወጣ ጫፉ ቡናማ ከሆነ ኢንጅኑ ደኅና ነው። ነጭ ከሆነ ግሏል፤ ቤንዚን አንሶታል ወይም አየር በሌላ በኩል ይገባል ማለት ነው። ደረቅ ጥላሸት ከለበሰ ቤንዚን በዝቶበታል፤ ፊልትሮው ታፍኖም ሊሆን ይችላል። በዘይት ከረጠበ ፋሻው ወይም የቫልቮው ጎማ ተበልቷል። ካንዴላ ለመፍታት ደቂቃዎች ናቸው የሚበቁት። እዚህ ያላችሁ መካኒኮች ይህን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። እኔ የምጠይቃችሁ ፈትታችሁ ካያችሁት በኋላ ባለቤቱን ጠርታችሁ እንድታሳዩት ነው። «ና እስኪ አያ፣ ይህን እይ፣ ነጭ ሆኗል» ማለት ብዙ ነገር ነው። ባለቤቱ ዛሬ ባይገባው በሚቀጥለው ጊዜ ይገባዋል፤ ያሳየውንም መካኒክ አይረሳውም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ነጥብ እንሂድ፤ ጋራዥ እንግባ። ምክሬ ይህ ነው፦ ሞተራችሁ ሳይበላሽ ግቡ። ሻይ ይዛችሁ ጥላው ሥር ተቀመጡና የሌላ ሰው ሞተር ሲሠራ ተመልከቱ። ሞተሩ የተበላሸበት ሰው ደንግጧል፤ የደነገጠ ሰው አይመርጥም፣ ያገኘው ጋር ይገባል።

ምንድን ነው የምትመለከቱት? መጀመሪያ ጆሯችሁን ስጡ። መካኒኩ ይጠይቃል ወይስ ይፈርዳል? ጥሩ መካኒክ «ከመቼ ጀምሮ ነው? ሲሞቅ ነው ወይስ ጠዋት ሲነሳ? ቤንዚን ከየት ቀዳህ? ከዚህ በፊት ማን ነካው?» ይላል። ከተቻለም ራሱ ጥቂት ነድቶ ይመለሳል። ሞተሩ ገና ከመቆሙ «ይውረድ!» የሚል ካጋጠማችሁ ግን ቀስ በሉ። ኢንጅን ማውረድ የመጨረሻ እርምጃ ነው። አንዴ ከተፈታ በኋላ ባለቤቱ ምንም ማለት አይችልም፤ ብረቱ መሬት ላይ ተበትኖ እያየ የተጠየቀውን ይከፍላል።

ቀጥሎ እጁንና መሬቱን እዩ። ኢንጅን ከመክፈቱ በፊት ያጥበዋል? የካርቡራተሩን ቀዳዳ ንጹሕ ጨርቅ ይወትፍበታል? የፈታቸውን ቡሎኖች በየጣሳው በተራ ያስቀምጣል ወይስ አሸዋው ላይ ይበትናቸዋል? የመጋቢት ነፋስ እየነፈሰ ሜዳ ላይ ሲሊንደር የሚከፍት መካኒክ፣ የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን፣ ለመከላከል የደከምንበትን አቧራ በገዛ እጁ ወደ ውስጥ እያስገባ ነው። ቡሎን የሚፈታው በልኩ ቁልፍ ነው ወይስ በፒንሳና በመዶሻ? የቡሎኖቹን ራስ እዩ፤ ጠርዛቸው ከተላጠ እዚያ ቤት ብዙ ነገር በጉልበት ይሠራል ማለት ነው። ቫልቮ ሲያስተካክል ኢንጅኑ እስኪቀዘቅዝ ይጠብቃል? ክፍተቱ የሚለካው በሚሊ ሜትር መቶኛ ነውና በትኩስ ኢንጅን ላይ፣ በጆሮ ብቻ፣ በትክክል አይገኝም።

የሙያ ብቃት ምዘና ወረቀት፣ ሲኦሲ የምንለው፣ ግድግዳው ላይ ካለ መልካም ነው፤ የተማረ ልጅ ነውና እናክብረው። ወረቀት ሳይኖራቸው ከጎልማሳ መካኒክ ሥር ተቀምጠው ያደጉ ብርቱ እጆችም አሉ። በሁለቱም ላይ መመዘኛው ያው ነው፤ ያሳያል ወይስ ይደብቃል?

ከሁሉ በላይ አንድ ምልክት አለ። የተቀየረው አሮጌ ዕቃ ምን ሆነ? ካንዴላ ተቀየረ ከተባላችሁ አሮጌው ካንዴላ እጃችሁ ላይ መምጣት አለበት። ፋሻ ተቀየረ፣ ኩሽኔታ ተቀየረ፣ የፍሪሲዮን ሸራ ተቀየረ ከተባለ አሮጌው ይምጣ። ሳትጠይቁት አሮጌውን ዕቃ በጨርቅ ጠቅልሎ የሚሰጣችሁ መካኒክ ካገኛችሁ ያዙት፤ አትልቀቁት። ያ ሰው የሚደብቀው ነገር የለውም። «ጣልኩት» የሚለውን ደግሞ አንድ ጊዜ እመኑትና «በሚቀጥለው ጊዜ አስቀምጥልኝ ወንድሜ» በሉት። ሁለተኛም ከጣለው ግን ያው ታውቁታላችሁ።

ወገኖቼ፣ አሁን ሦስተኛው ነጥብ ላይ ደርሰናል። እስካሁን ስለ መካኒኩ ተናገርን፤ አሁን ስለ እኛ እንናገር።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ፤ በየጋራዡ የምናየው ነገር ነው። አንድ ባለ ሞተር ይመጣል። ሞተሩ ጠዋት ደኅና ይነሳል፤ ሲሞቅ ይጠፋል፤ እስኪቀዘቅዝም አይነሳም። መካኒኩ ቁጭ ብሎ ይመረምራል። ካንዴላውን ያያል፤ ካርቡራተሩን ያጥባል፤ የቤንዚን ቧንቧውን ይነፋል፤ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ይከተላል። ሁለት ሰዓት ከደከመ በኋላ ከቦቢናው የሚወጣ አንድ ሽቦ ላልቶ፣ ሲሞቅ እየለቀቀ እንደሆነ ያገኘዋል። ያጠብቀዋል። ሞተሩ ተነሳ፤ ነዱት፤ አልጠፋም። አሁን ሒሳብ ይመጣል። መካኒኩ የሁለት ሰዓቱን ይጠይቃል። ባለቤቱ ምን ይላል? «ምን አደረግህና ነው? ሽቦ ለማሰር ነው ይህን ያህል የምትጠይቀኝ?» ተከራክሮ፣ ግማሹን ጥሎለት፣ አንዳንዴም ለሻይ ብቻ ሰጥቶ ይሄዳል።

በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ሰው ያንኑ ብልሽት ይዞ ይመጣል። መካኒኩ ልጆች አሉት፤ ኪራይ አለበት። ምን እንዲያደርግ ነው ያስተማርነው? «ቦቢናው ሄዷል» ይላል። አዲስ ቦቢና ይመጣል፤ በካርቶን ታሽጎ፣ ዋጋ ተጽፎበት። ባለቤቱ ሳይከራከር ይከፍላል። መካኒኩ ከሱቁ ኮሚሽኑን ያገኛል፤ ሽቦውንም በዚያው ያጠብቀዋል። ሞተሩ ይነሳል። ሁሉም ደስ ብሎት ይለያያል።

ልብ አድርጉልኝ! መጀመሪያ እውነቱን የሠራው መካኒክ ተቀጣ፤ ኋላ የዋሸው ተሸለመ። የሸለምነው እኛ ነን። በካርቶን ለመጣ ዕቃ አንከራከርም፤ ለሰው እውቀት ግን እስከ መጨረሻዋ ብር እንከራከራለን። ስለዚህ መካኒኩ ከእውቀቱ መኖር አልቻለም፤ ከዕቃ መኖር ጀመረ። ከዕቃ የሚኖር መካኒክ ደግሞ ዕቃችን ቶሎ ቶሎ እንዲበላሽ ባይፈልግ እንኳ ቢበላሽ አይከፋውም። በሞተር ጥገና ዙሪያ ያለው አለመተማመን ትልቁ ሥሩ እዚህ ነው ብዬ አምናለሁ። የመካኒክ ሥነ ምግባር ጉድለት የለም አላልኩም፤ አለ። ነገር ግን ታማኝ የሆነውን ልጅ በገዛ ክርክራችን ወደዚያ እየገፋነው ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ? ሁለቱን ሒሳብ እንለያይ። የእጅ ዋጋ ለብቻው፤ የዕቃ ዋጋ ለብቻው። ጋራዥ ስትገቡ መጀመሪያ የምትሉት ይህ ይሁን፦ «ወንድሜ፣ አይተህ በሽታውን ንገረኝ። ባትሠራውም እንኳ ላየህበት እከፍልሃለሁ። ዕቃ ካስፈለገ አብረን ሄደን በደረሰኝ እንገዛለን። የእጅህን ደግሞ አሁን እንነጋገር።» ይህ አነጋገር መካኒኩን ነፃ ያወጣዋል። ዕቃ ባይሸጥም እንደማይከስር ያውቃል። ያን ጊዜ «ምንም አልተበላሸም፣ ሽቦው ነው የላላው» ማለት ይችላል። እውነት መናገር የማያከስረው ሰው እውነት ይናገራል።

የሚቃወመኝ ሰው እንዳለ አውቃለሁ። «የእጅ ዋጋም ከፍለን ቢያታልለንስ?» ትሉኛላችሁ። ተገቢ ጥያቄ ነው። ለዚህ ነው በትንሽ ሥራ ጀምሩ የምለው። የዘይት ቅያሬ፣ የካቴና ማጥበቅ፣ የፍሬን ሸራ። በእነዚህ ላይ የእጁን በደንብ ክፈሉትና እዩት። አሮጌውን ዕቃ መለሰ? የተናገረው ዋጋ ጸና? ያልጠየቃችሁትን ጉድለት አሳያችሁ ወይስ ሳያስፈቅድ ነካካ? ትንሹን ሥራ በቅጡ የሠራላችሁን ትልቁን አደራ ትሰጡታላችሁ። ተከፍሎትም ያታለለ ካለ ሌላ ሰው ዘንድ ከመሄዳችሁ በፊት ለራሱ ንገሩት። ስሙን ቡና ቤት ለቡና ቤት እያዞርን ማጥፋት አይገባም፤ በፊቱ የተነገረው ግን ሊያርም ይችላል።

ሌላው የጥድፊያችን ነገር ነው። ሰሊጥ እንደምታውቁት አይጠብቅም። ከደረሰ በኋላ በጊዜው ካልታጨደ ፍሬው ይከፈትና መሬት ላይ ይረግፋል። ስለዚህ በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት ሁላችንም በአንድ ጊዜ ጋራዥ ደጅ እንሰለፋለን፤ የእርሻ ካምፑ ውሃና ስንቅ ይጠብቃል፤ የቀን ሠራተኛው ይጠብቃል። «ዛሬውኑ አድርሰው!» እንላለን። መካኒኩ ሌሊት በባትሪ ብርሃን ይሠራል፤ የተቻኮለ እጅም ይስታል። በሰኔ መጀመሪያ ማንም የማይመጣበት መካኒክ በጥቅምት መቶ ሰው ሲከበው ጥራት አትጠይቁት። ወደዚህ ነገር ኋላ ላይ እመለሳለሁ።

አራተኛው ነጥብ ዘይትና መለዋወጫ ነው። ስለ ዘይት አንድ ነገር በደንብ እንድትይዙልኝ እፈልጋለሁ። በመኪና ውስጥ የኢንጅኑ ዘይትና የማርሹ ዘይት የተለያዩ ናቸው። በቦክሰርና በመሰሎቹ ባለ አራት ምት ሞተሮች ግን አንድ ሊትር ገደማ የሆነች ያቺው ዘይት ኢንጅኑንም፣ ማርሹንም፣ ፍሪሲዮኑንም ታጠጣለች። ለመኪና የተሠሩ አንዳንድ ዘይቶች ሰበቃን የሚቀንስ ቅመም አላቸው፤ ያ ቅመም ፍሪሲዮን ሸራ ላይ ሲደርስ ያንሸራትተዋል። ጋዝ ትሰጣላችሁ፣ ኢንጅኑ ይጮኻል፣ ሞተሩ ግን አይጎትትም። ከዚያ «ፍሪሲዮኑ አልቋል» ይባላል። ለሞተር ሳይክል የተሠራ ዘይት ጠርሙሱ ላይ «ጃሶ ኤምኤ» የሚል ምልክት አለው። እሱን ፈልጉ። ለዚህ ሙቀት ደግሞ ወፈር ያለው፣ 20 እና 50 የሚሉ ቁጥሮች ያሉበት ይስማማዋል፤ ሆኖም የሞተራችሁን መጽሐፍ አስቀድሙ። ባለ ሁለት ምት የሆኑት ዲቲዎች ሌላ ናቸው፤ የእነሱ የኢንጅን ዘይት ከቤንዚኑ ጋር የሚነድ ነውና ከዚህኛው ጋር እንዳይቀላቀልባችሁ።

የታሸገው ጠርሙስ ፊታችሁ ይከፈት። ባዶውን ጠርሙስ ደግሞ ወጋ አድርጋችሁ ጣሉት፤ ማንም መልሶ እንዳይሞላው። የወጣውንም ዘይት እዩት። ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቷል፤ በጣታችሁ አሻሽታችሁት የብረት ብልጭታ ካለው አንድ ነገር እየተበላ ነው። እዚህም ላይ ያው ነው፤ የሚታመነው መካኒክ «ና ተመልከት» የሚለው ነው።

ስለ መለዋወጫ። ሆንዳ በ1970ዎቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሲጂ 125 የሚባል ጠንካራ ሞተር ለታዳጊ አገሮች መንገድ አስቦ ሠራ። ኋላ የቻይና ፋብሪካዎች ያንን ኢንጅን በብዛት እየቀዱ አወጡት፤ በየገበያው የምናያቸው የብዙ ስም ሞተሮች አባት እሱ ነው። ከዚህ የተነሳ ብዙ ዕቃ ከብዙ ሞተር ጋር የሚገጥም ይመስላል። መምሰልና መግጠም ግን ሁለት ናቸው። ሱቅ ስትሄዱ አሮጌውን ዕቃ ይዛችሁ ሂዱ፤ ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ አወዳድሩ። ካቴና ሲያልቅ ደግሞ ከፊትና ከኋላ ጥርሶቹ ጋር አብሮ ይቀየር። አሮጌ ጥርስ አዲስ ካቴና ይበላል፤ ለጊዜው የዳነው ገንዘብ በወራት ውስጥ ተመልሶ ይወጣል። ኦሪጂናል ዕቃ ከጠፋ ወይም አቅም ካልፈቀደ፣ መካኒኩ «ይህ ኦሪጂናል አይደለም፣ ግን ይህን ያህል ይቆይልሃል» ብሎ ይንገራችሁ። ርካሽ ዕቃ ማስገባት ነውር የለበትም፤ ነውሩ ርካሹን በውዱ ዋጋ ማስገባት ነው።

ደረሰኝ ጠይቁ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃና አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ሰጥቶታል። ደረሰኝ ከሌለ ግን ክርክሩ «አልክ፣ አላልኩም» ሆኖ ይቀራል። ከደረሰኙ ጋር አንዲት ደብተር ይኑራችሁ፤ ቀኑን፣ ኪሎ ሜትሩን፣ የተቀየረውን ዕቃና የሠራውን ሰው ጻፉባት። ሞተሩን ስትሸጡም ያቺ ደብተር ዋጋ ታወጣለች።

አሁን ወደ መጨረሻው ነጥብ፤ ጊዜን ስለመቅደም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1980ዎቹ መጨረሻ ራንዲ ማሞላ የሚባል አሜሪካዊ የሞተር እሽቅድምድም ጀግና፣ ከባሪ ኮልማን ጋር ሆኖ ወደ ጎረቤታችን ወደ ሶማሊያ ሄደ። ለሕፃናት እርዳታ ያሰባሰቡት ገንዘብ ምን እንደሠራ ለማየት ነበር። ለጤና ሠራተኞች የተሰጡ ሞተሮች ገና ሳያረጁ ቆመው አገኟቸው። የቆሙት በከባድ አደጋ አልነበረም፤ በወቅቱ የሚያጠብቃቸውና ዘይት የሚቀይርላቸው በመጥፋቱ ነው። ከዚያ ተነስተው ከአንድሪያ ኮልማን ጋር «ራይደርስ ፎር ሄልዝ» የተባለውን ድርጅት አቋቋሙ፤ በአፍሪካ አገሮችም የጤና ሠራተኞችን ሞተር ሲጠግኑና ነጂዎቹን ሲያሠለጥኑ ኖሩ። ትምህርታቸው ቀላል ነው። ነጂው በየጠዋቱ ራሱ ይፈትሻል፤ ቤንዚኑን፣ ዘይቱን፣ ካቴናውን፣ ቡሎኖቹን፣ ፍሬኑን። መካኒኩ ደግሞ ሞተሩ ሳይቆም፣ በቀጠሮ ይሠራል።

ይህ ለእኛ ሩቅ ወሬ አይደለም። ከመንገድ በራቀው እርሻ ላይ በወባ ወይም በካላዛር የሚንቀጠቀጥ የቀን ሠራተኛ ሲኖር ወደ ጤና ጣቢያ የሚያደርሰው ምንድን ነው? መኪና ዋልካውን አይሻገርም። የሚያደርሰው የአንዳችሁ ሞተር ነው። ያ ሞተር ሌሊት በመጀመሪያው እርግጫ መነሳት አለበት። በዚያች ሰዓት መካኒክ አይገኝም፤ ያን ቀን የሚያድነን ከወር በፊት የተሠራው ሥራ ነው።

አሁን ግንቦት ነው። ዝናቡ በሩ ላይ ነው፤ ጋራዦች ደግሞ ጭር ያሉበት ጊዜ ነው። በዚህ ሳምንት ውሰዱት። ክንፎቹ ይታጠቡ፣ ፊልትሮው ይቀየር፣ የጎማው ኩሽኔታ ቅባት ያግኝ፣ ጎማው ለጭቃ የሚሆን ጥርስ እንዳለው ጎሚስታው ይየው፣ የኤሌክትሪኩ መጋጠሚያዎች ከውሃ ይሸፈኑ። ሁለተኛውን ቀጠሮ ደግሞ ለነሐሴ መጨረሻ ያዙ፤ የሰሊጡ ጥድፊያ ሳይጀምር። መካኒኩ ጊዜ ሲኖረው ያሳያችኋል፤ ጊዜ ሲኖረውም ረዳቱን እያስተማረ ይሠራል። ሞተር ጓንግ ወንዝ ውስጥ ነድቶ ገብቶ ማጠብ ግን ይቅርብን፤ ውሃው ኩሽኔታ ውስጥ ገብቶ ዝገት ይተክላል፤ ዘይቱም ከብትና ሰው የሚጠጣው ውሃ ላይ ይንሳፈፋል።

ለመካኒኮቻችንም ቃል አለኝ። ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው ይባላልና የሥራችሁን ክብር ራሳችሁ ጀምሩት። የእጅ ዋጋችሁን በሰሌዳ ጽፋችሁ ደጃችሁ ላይ ስቀሉ፤ ዘይት ለመቀየር ይህን ያህል፣ ካርቡራተር ለማጠብ ይህን ያህል፣ መርምሮ ለመንገር ይህን ያህል። ሦስት አራት ሆናችሁ ብትተባበሩ የሲሚንቶ ወለል ያለው፣ ነፋስ የማይገባው አንዲት ክፍል ለኢንጅን ሥራ ብቻ ማዘጋጀት ትችላላችሁ። ዛሬ አንዱ አንዱን እየተፎካከረ ሁሉም አሸዋ ላይ ይሠራል። ይህን ለማድረግ ፈቃደኛ የሆነ ጋራዥ ካለ፣ ባለ ሞተሮችም ዛሬ እዚሁ ስማችሁን ጻፉለት፤ ለክረምት ሰርቪስ እንደምትመጡ ንገሩት፤ ቀብድም ስጡት። በባዶ እጅ ወለል አይሠራምና።

የእኔ ንግግር እዚህ ላይ ያበቃል። ከፊት ረድፍ የተቀመጡት መካኒክ ቀድመው እጃቸውን አንስተዋል፤ መድረኩን ለእሳቸው እለቃለሁ።